ከመስመሩ ዳር የሚቆመው ልጄ

ልጄ የመጣው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 መጀመሪያ፣ ጅቡቲ ውስጥ ብርድ በምንለው ወቅት ነበር። ብርድ ስል፣ ቀን ላይ በር ከፍቶ መቀመጥ የሚቻልበት ወቅት ማለቴ ነው። ከእጄ ሲወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ሲመለስ በሬን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ሆኖ መጣ። በመካከሉ በምስል እንጂ በአካል አላየሁትም።

አሜሪካ ውስጥ የእነሱን ፉትቦል ይጫወት ነበር፤ እንጀራው እሱ ነበር። «ኳሱ ሲያልቅ እመጣለሁ፣ እማ» ይለኝ ነበር። ኳሱ አለቀ፤ መጣ። ለመቅረት ይሁን ለመመለስ ግን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። መልሱን ፈርቼ ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። በጋብቻ ጅቡቲ መጥቼ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ገባሁ። ባሌ ወደብ ላይ፣ የኢትዮጵያን ጭነት ለሚያስወጣ ነጋዴ ጸሐፊ ነበር። እኔ በቤታችን የፊት ክፍል ጨርቅ እሸጥ ነበር፤ ዛሬም እሸጣለሁ። በ1998 ሙቀቱ ሊገባ ሲል ባሌ በትኩሳት ታሞ ሞተ። አልሐምዱሊላህ፣ ስቃዩ አልረዘመም። አሜሪካ የምትኖር እህቱ ለለቅሶ መጥታ፣ «ልጁን ስጪኝ፤ ላስተምረው። ተምሮ ይመጣልሻል» አለችኝ። ወረቀቱ ሲያልቅ ሰጠኋት።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ እጄን ይዞ ወደ ላይ አየኝ።

«እማ፣ የመንገደኛ ዱዓ ይሰማል ብለሽኛል አይደል?»

«ይሰማል።»

«መንገደኛ የምሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? አሁን ነው ወይስ አውሮፕላኑ ሲነሳ?»

«ከከተማው ስትወጣ።»

«እንግዲያው አውሮፕላኑ ሲነሳ ብስክሌት እጠይቃለሁ።»

አክስቱ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲያ ሰው «ልጅሽስ?» ሲለኝ፣ «መንገድ ላይ ነው» እል ነበር። አሜሪካ ነው አልልም። ለእኔ የሄደ ሰው አልነበረም፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ነበር።

ብስክሌቱን አገኘ። ብዙም ሳይቆይ እግሩ ከብስክሌቱ በለጠ። አክስቱ በደወለች ቁጥር ሱሪ አጠረው፣ ጫማ ጠበበው ትለኛለች። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ በቁመቱ አይቶ ለኳስ ያዘው። ዩኒቨርሲቲም በኳሱ ምክንያት በነጻ ተማረ። ሲጨርስ የትልልቆቹ ቡድኖች ምርጫ ላይ ስሙ አልተጠራም። በኋላ ግን አንዱ ቡድን ደውሎ «ና፣ ሞክር» አለው። ሄዶ ሞከረ፤ ያዙት። ይህ በ2011 ነው።

ኳስ ሲባል የሰፈራችን ልጆች አሸዋ ላይ የሚያባርሩት ክብ ነገር ነበር የሚመስለኝ። ያስረዳኝ ጎረቤቴ ነው። እሱም የድሬዳዋ ሰው ነው፤ የአሜሪካ ወታደሮች ሰፈር ወጥ ቤት ስለሚሠራ ጨዋታውን ከእነሱ ጋር አይቶ ለምዶታል። ቤቱ ዲሽ ነበረው። አንዳንድ እሑድ የልጄ ቡድን ሲተላለፍ፣ ዒሻ ከሰገድን በኋላ እኔና ሚስቱ ምንጣፉ ላይ እንቀመጣለን፤ እሱ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ያስተምረናል።

«የልጅሽ ቦታ ታይት ኤንድ ይባላል፣ እታለም። እነዚያን ወፋፍራሞች ታያቸዋለሽ? አጎንብሰው የተሰለፉትን? ልጅሽ የሚቆመው ከመስመራቸው ዳር ነው። ሥራው ሁለት ነው። አንዳንዴ እንደ እነሱ ግድግዳ ይሆናል፤ ኳስ የያዘው ጓደኛው እንዳይያዝ የሚመጣውን ሰው ገጭቶ ያቆማል። አንዳንዴ ደግሞ ከመስመሩ ሾልኮ ይሮጥና ኳስ ይቀበላል።»

«የትኛውን ነው የሚያበዛው?»

«ግድግዳውን።»

ሚስቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላ፣ «ኳሱን አልነካ! ምን አድርጓቸው ነው የሚደበድቡት?» አለች።

«ደብዳቢው እሱ ነው» አላት።

«ማንን?» አልኩ እኔ።

«ፊት ለፊቱ ያለውን።»

«ሰውዬው ምን አድርጎት?»

«ምንም።»

«እንግዲህ አንቺ ያሳደግሽው ነው» አለችኝ ሚስቱ። ሦስታችንም ሳቅን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱዓዬ ረዘመ። «ያ አላህ፣ ልጄን ጠብቅልኝ» ካልኩ በኋላ ፊት ለፊቱ ለሚቆመውም ልጅ እለምን ነበር። እሱም እናት አለው።

ዱዓው ሌላም ጭንቅ ነበረበት። ኳሱ እንዲሰምርለት ብለምን መምጫውን ማራዘሜ ነው። ይብቃው ብዬ ብለምን እንጀራውን መዝጋቴ ነው። ስለዚህ «የሚሻለውን አንተ ታውቃለህ» ብዬ ፊቴን አብስና እነሳለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ረመዳን ከልምምዳቸው ወቅት ጋር ገጠመ። እኛ ዘንድ ከምሲን የሚነፍስበት ጊዜ ነበር፤ አሸዋው በዝግ መስኮት ይገባል፣ ጨርቆቼን ቀን ሙሉ አራግፋለሁ። በጎረቤቴ ኮምፒውተር ሳየው ጉንጩ ገብቷል።

«እየጾምክ ነው?»

«አዎ፣ እማ።»

«ልምምዱስ?»

«አለ። ጠዋትም ከሰዓትም።»

«አለቆችህ ምን ይላሉ?»

«ስለ ጾሙ ምንም አይሉም። ግን በየጠዋቱ ሚዛን ላይ ያቆሙናል። የእኔ ቦታ ክብደት ይፈልጋል። ከቀነስኩ የሚተካኝ ሰው አለ፤ ልብሱን የሚቀይረው ከጎኔ ነው።»

ጹም አላልኩትም፤ ፍታም አላልኩትም። በማግስቱ የሰፈራችንን ልጆች ቁርአን ወደሚያስተምሩት ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። ሸኹ በራቸው ጥላ ስር ተቀምጠው ነበር።

«ሸኼ፣ ልጄ መንገደኛ ነው። መንገደኛ ማፍጠር ይችላል አይደል?»

«ይችላል፤ በኋላ ጾሞ ያወጣዋል። ወዴት ሄዶ ነው?»

«አሜሪካ።»

«መቼ ሄደ?»

«አባቱ የሞተ ዓመት።»

ሸኹ ባለቤቴን ያውቁት ነበር፤ ጀናዛው ላይ ያሰገዱት እሳቸው ናቸው።

«እዚያ ቤት አለው?»

«አለው።»

«ሌላ አገር ቢሄድ ዞሮ የሚገባው እዚያ ቤት ነው?»

«እዚያ ነው።»

«እንግዲያው ነዋሪ ነው፣ ልጄ። መንገደኛ አይደለም።»

«ለእኔ መንገደኛ ነው» አልኳቸው።

«ለአንቺ ነው። ሸሪዓው ግን የሚያየው የእሱን ሐሳብ ነው። ሰው ለሁለት ለሦስት ቀን ብሎ ያረፈበት ቦታ ላይ መንገደኛ ነው፤ ሶላቱንም ያሳጥራል፣ አራቱን ረከዓ ሁለት ያደርጋል። ልኖር ብሎ የገባበት ቦታ ላይ ሙሉውን ይሰግዳል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሱሑሩን በልቶ ጾሙን ይያዝ። ሥራው ላይ ጉዳት ከፈራ ያፍጥር፤ በብርዱ ወራት ያወጣዋል። ጾም የታዘዘው ልጅሽን ለመጉዳት አይደለም።»

የሄድኩበትን አግኝቼ ነበር የተመለስኩት። መንገዱን ግን አላየሁትም፤ ቤቴን አልፌ ሄጄ የሰፈሩ ዳቦ ቤት ጋ ስደርስ ነው ያወቅኩት።

ሸኹ ያሉትን በሙሉ ለልጄ ነገርኩት። ሳቀ።

«እንግዲህ እዚህ ነዋሪ ነኝ ማለት ነው?»

«እዚያ ነዋሪ ነህ» አልኩት። ይህን ቃል ከዚያ በፊት ተናግሬው አላውቅም።

«ለጨዋታ ሌላ ከተማ ስንሄድስ? ቅዳሜ ሆቴል እንገባለን፤ እሑድ ተጫውተን እንመለሳለን።»

«ያን ጊዜ አሳጥር።»

ከዚያ በኋላ ከከተማቸው ወጥተው በሚጫወቱበት ቅዳሜ ሁሉ ይደውልልኝ ነበር። «እማ፣ ዛሬ መንገደኛ ነኝ፤ አሳጥሬ ሰገድኩ» ይለኛል። እነዚያን ቅዳሜዎች እወዳቸው ነበር። ቢያንስ ያን ቀን እሱም እንደ እኔ ነው የሚያስበው።

አላህ ይመስገን፣ ቡድኑ ያን ዓመት አላሰናበተውም። በሚቀጥለው ዓመት ሐጅ ላከኝ። ጎረቤቴም ያን ጊዜ ነው ከእታለም ወደ ሐጃ ያሳደገኝ። መካ ላይ ካዕባን ሳይ መጀመሪያ የለመንኩት ለጉልበቱ ጤና ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጉልበቱ ተጎዳ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ያለ ዱዓው ደግሞ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም።

ኳስ ሲይዝ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጉልበቱ ድኖ ሌላ ቡድን ወስዶት ነበር። ከመስመሩ ዳር ተነስቶ አንዱን ገፋ፤ የወደቀ መሰለኝ፤ አልወደቀም። ባዶ ቦታ ላይ ብቻውን ብቅ አለ። ኳሱ ሲመጣ በሁለት እጁ፣ ሕፃን እንደሚቀበሉ አድርጎ ተቀበለው። ጎረቤቴ ጮኸ። ሚስቱ እልል አለች። ልጄ ግን ኳሱን ለዳኛው ሰጥቶ ወደ መስመሩ ተመለሰ። «ልጅሽ ጎል አስገብቶ ዕቃ እንዳደረሰ ሰው ይሄዳል!» አለኝ ጎረቤቴ። አባቱም እንዲህ ነበር። መርከብ አስራግፎ ሲመጣ ምንም እንዳልሠራ ሰው ይገባል።

ጭንቅላቱን የተመታው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ያን ጊዜ ግድግዳ ነበር፤ ኳሱ አጠገቡም አልነበረም። ከአንድ ሰው ጋር ተጋጨ፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ከተነሳ በኋላ ወደ ሌሎቹ ቡድን መቀመጫ መሄድ ጀመረ። የእነሱ ልጅ ክንዱን ይዞ መለሰው። ጎረቤቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋና፣ «ሲግናሉ ሄደ፣ ሐጃ» አለኝ። ዲሹ ምንም አልሆነም ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። «ነፋሱ ነው» አለች ሚስቱ። እኔም «ነፋሱ ነው» ብዬ ተነሳሁ።

ከዚያ በኋላ በስልክ ሲያወራኝ ቃል ይጠፋው ጀመር። አማርኛው በፊትም ይዘገይ ነበር፤ ይህ ግን ሌላ ነው። የአክስቱ ስም ጠፍቶት ሲፈልግ ሰማሁት። ብርሃን ያመዋል። በ2016 ከልምምዱ ወቅት በኋላ አንድ ጠዋት ቡድኑ ጠራው። የጨዋታውን ትምህርት የያዘውን ታብሌት ተቀበሉት፤ ጫማዎቹን በከረጢት ይዞ ወጣ። ሌላ ቡድን ሊጠራው ፈልጎ ሐኪሞቹ ከለከሉ።

«አለቀ፣ እማ» አለኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት ወጣህ» አልኩት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለእሱ አለቀስኩ። እያለቀስኩ ግን ከሱቁ ኋላ ያለውን ክፍል በዓይኔ እለካ ነበር።

ክፍሉን በኖራ አስቀባሁ። ብርሃን እንዳያመው መስኮቱን በሁለት እጥፍ ጥቁር ጨርቅ ሸፈንኩ። ባሌ ይሠራለት የነበረው ነጋዴ ልጅ አሁንም ወደብ ላይ ነው፤ እሱን አነጋገርኩት። «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ሁልጊዜ እንፈልጋለን፤ ይምጣ» አለኝ። ለአናጺው ደግሞ የአልጋውን ርዝመት ስነግረው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ አየኝ።

«ሐጃ፣ ይህ ለሰው ነው ወይስ ለጀልባ?»

«ለልጄ ነው።»

«አላህ ያሳድገው አልልሽም» አለኝ።

ሰኞ ማታ ገባ። ጥቁር መነጽር አድርጎ ነበር። አቅፎኝ ብዙ ቆመ፤ ግንባሬ ደረቱ ጋ ነበር። ክፍሉን አሳየሁት። አልጋው አጠገብ ቆሞ እንጨቱን በእጁ ዳሰሰው። ሱብሒን በመንገድ ድካም እዚያው ክፍሉ ውስጥ ሰገደ። ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤቶች እየመጡ አዩት፤ ስማቸውን ሲነግሩት አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይደግመዋል። እያንዳንዱ ሰው «መጣህልን» ይለዋል። እሱ ይስቃል።

ዙሁር ሲደርስ «እማ፣ ላሰግድሽ?» አለኝ።

መስገጃውን አነጠፍኩለት። እሱ ፊት ቆመ፤ እኔ ከኋላው። ከመሄዱ በፊት ከአባቱ ጎን ቆሞ የሚሰግድ፣ ሱጁድ ላይ ወደ እኔ ዞሮ የሚያይ ልጅ ነበር። አሁን ጀርባው ግድግዳውን ሸፍኖታል። ወደ ሱጁድ ሲወርድ የተጎዳው ጉልበቱ ድምፅ አሰማ። ሲቀመጥም እግሩን ማጠፍ ስለማይችል ወደ ጎን ዘረጋው።

ሁለተኛው ረከዓ ላይ ተቀመጠ። ዙሁር አራት ነውና ለሦስተኛው እንዲነሳ ጠበቅኩት። አልተነሳም። ፊቱን ወደ ቀኝ አዞረና ሶላቱን ሊዘጋ አሰላመተ።

ረሳ አልኩ። ኢማም ሲስት ሴት በቃል አታስታውስም፤ አንድ መዳፏን በሌላው እጇ ጀርባ ላይ መታ ታደርጋለች። መታሁ። ወደ ግራም አሰላመተ። ደግሜ መታሁ። ለጭንቅላቱ ስንት ዓመት የለመንኩ ሴት፣ በዚያች ሰዓት ልጄ ረስቶ እንዲሆን ተመኘሁ።

ወደ እኔ ሳይዞር በዝግታ ተናገረ።

«አልረሳሁም፣ እማ። አንቺ ሙዪው። እኔ መንገደኛ ነኝ።»

እኔ ገና ሶላት ውስጥ ነበርኩ። ሶላት ውስጥ ያለ ሰው አይመልስም። ተነሳሁ። የቀሩትን ሁለት ረከዓ ከኋላው ብቻዬን ሰገድኩ። ፋቲሓውን አልሳትኩም፤ አላህ ረዳኝ። ሱጁዱ ላይ መስገጃው ረጠበ። እሱ እግሩን ዘርግቶ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ሳሰላምት ዞረ።

«ትኬቱ ለሐሙስ ነው» አለኝ። «ጭንቅላቴን የሚከታተሉት ሐኪሞች እዚያ ናቸው፤ ቀጠሮው አያልፍም። ከዚያ አንድ ትምህርት ቤት ልጆች እንዳሠለጥን ተቀብሎኛል። ታይት ኤንዶቹን። ሳልነግርሽ የቆየሁት አልጋውን አይቼ ነው።»

«ልክህ ነው?»

«እ?»

«አልጋው። ልክህ ነው?»

«ልኬ ነው። እግሬ ያልወጣበት አልጋ ይሄ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ዛሬም ተኛበት» አልኩት። ከመጣ ጀምሮ አላህን ያመሰገንኩት ለመምጣቱ ነበር፤ ምስጋናዬን መልሼ መውሰድ አልፈለግኩም። ወደብ ላለው ሰውዬ ከሰዓት በኋላ ደውዬ፣ አመስግኜ፣ እንደማይመጣ ነገርኩት።

በማግስቱ አዛን ሳይል ተነሳሁ። ውሃውን ለብ አድርጌ በሩ ላይ አስቀመጥኩለት። ገና ጨለማ ስለነበር መነጽር አላደረገም፤ ዓይኑን ያየሁት ያኔ ነው። የሄደው ልጅ ዓይን ነው፤ አልተለወጠም። መስገጃውን አነጠፍኩ። እሱ ፊት፣ እኔ ከኋላው ቆምን። ሱብሒ ሁለት ረከዓ ነው፤ ለመንገደኛም ለነዋሪም አያጥርም። አብረን ጀመርን፤ አብረን አሰላመትን።